የክቡር ጌዲ ሁለት ትንንሽ ኮሜንት

ጌዲ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከሞት አፋፍ የደረሰው በጥይት አልነበረም፤ በጀሪካን ነው። ሐርጌሳ በጦርነት በፈራረሰችበት ዓመት ቤተሰቡ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ይሸሽ ነበር። አጎቱ ውሃ የሞላ ጀሪካን አህያ ላይ ጫነ። ሲነጋ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከታችኛው ጥግ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረችበት፤ ማንም ገልብጦ አላያትም። ያን ቀን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ያለ ውሃ ሄዱ። ጌዲ ታናሽ እኅቱን እንዳዘለ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ሊወድቅ ሲል ግመል ጠባቂዎች ደርሰው ወተት ባያጠጧቸው ኖሮ እኔም ዛሬ ስለ እሱ የምጽፈው ነገር ባልኖረኝ።

ከዚያ ወዲህ ጌዲ ሳይፈትሽ የተቀበለው ነገር የለም። በራሱ ሠርግ ዕለት እንኳ የድንኳኑን ካስማ አንድ በአንድ እየዞረ ሲነቀንቅ ነበር ይላሉ ጠላቶቹ። ጠላቶቹ የምላቸው እኛ የአርብ ጓደኞቹ ነን።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ማኅበር በዓለም ላይ የለም። ቤት ስትሠሩ መጥቶ ግድግዳውን በጣቱ የሚያንኳኳ፣ አዲስ ልብስ ስትለብሱ ከእጅጌው ትርፍ ክር የሚመዝ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ ገብቶ የመድኃኒቱን ማብቂያ ቀን የሚያነብ እሱ ነው። አይሳደብም፤ አይቆጣም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ፣ “ማሻአላህ፣ ግሩም ነው፤ ሁለት ትንንሽ ኮሜንት አለኝ” ይላል። ሁለት ሆነው አያውቁም። ትንንሽም ሆነው አያውቁም።

ክቡር ጌዲ፣ ለቀልድ እንዲህ ነው የምንጠራው፣ የሥራ ቀናቸውን የሚያሳልፉት በአንድ የዕርዳታ ድርጅት ሎጂስቲክስ ኦፊሰርነት ነው። ከበርበራ ወደብ የሚመጣ ጭነት እሳቸው ሳይፈትሹት አይራገፍም። ብርድ ልብሱን ይዘረጋሉ፤ ባልዲውን ገልብጠው ይቀመጡበታል፤ የድንኳኑን ዚፕ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ደግሞ ይከፍታሉ። ያልወደዱትን “ሪጀክትድ” ብለው በመጣበት መኪና ይመልሱታል። ይህ ሁሉ በደመወዝ ነው። አርብ ግን ለእኛ በነፃ ይሠሩልናል።

አርብ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ፣ ከሻምሶ የልብስ ስፌት ሱቅ ጓሮ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር በእጃችን የምንሠራ ሰዎች እንሰበሰባለን። ገላውን ከአሮጌ በር፣ ከጭነት መኪና ሳንቃ፣ ከተሰበረ አልጋ እናወጣለን። የክሩን ንዝረት ወደ ማጉያው የሚያደርሰውን ማግኔት ሻምሶ በስፌት መኪናዋ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ትጠመጥምበታለች። ክሩን የአየር መንገድ ቴክኒሻኑ ዮፍታሔ ከአዲስ አበባ በሻንጣው ያመጣልናል። ሁላችንም ኢትዮጵያ የተወለድን ወይም ያደግን ስለሆንን ወሬው በአማርኛ ነው፤ መሐላው ብቻ በዓረብኛ ይሆናል።

ሕጋችን አጭር ነው። አዲስ ጊታር ሲመጣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም ይጫወትበታል። ዞሮ እስኪያበቃ ሠሪው ትንፍሽ አይልም፤ ማመካኘት የለም፣ ማስረዳት የለም። ከዚያ ማንም የራሱን ጊታር ይዞ ወደ ቤቱ አይመለስም። የሌላውን ይወስዳል፣ ሳምንቱን አብሮት ይከርማል፣ በሚቀጥለው አርብ መልሶ አምጥቶ ያየውን ይናገራል። አዛን ከተሰማ ደግሞ ማጉያው ይጠፋል፤ ጊታሩ ሶላቱ እስኪያልቅ ከያዘው ሰው አጠገብ ይቀመጣል።

የእኔን ነገር ላስቀድም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መጋዝ መያዝ የተማርኩ ሽማግሌ ነኝ፤ የመጀመሪያ ጊታሬን የሠራሁት ከፈረሰ ቤት በወጣ በር ነው። ተራው ክቡርነታቸው ዘንድ ሲደርስ ከኪሳቸው ውሃ ልክ አወጡ። አዎ፣ ግንበኛ ግድግዳ የሚያስተካክልበትን ውሃ ልክ፤ አነስ ያለችውን። ሌላው ሰው መቁጠሪያ እንደሚይዝ እሳቸው እሷን ይይዛሉ። አንገቱ ላይ አጋደሟት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፣ ጊታሩን ገለበጡ፣ አሸተቱ።

“ማሻአላህ፣ አዴር በለጠ፣ ሳንቃው ግሩም ነው።” አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ለሽምግልናዬ ነው።

ሕጉ ነውና ዝም አልኩ።

“ሁለት ትንንሽ ኮሜንት አለኝ። አንደኛ፣ አሁንም በር ነው።”

ሁለተኛውን አልሰማሁትም፤ ሻምሶ ሳቋ አፍኗት ሻሂዋን ልብሷ ላይ ደፍታ ነበር። እሷም ብትሆን ግን አላመለጠችም። አንድ አርብ ጌዲ እሷ የጠመጠመችው ማግኔት ያለበትን ጊታር ሰክቶ ጆሮውን ማጉያው ላይ ደገነ።

“ሻምሶ፣ እዚህ ውስጥ ንብ አለች።”

“አንተን እስክትነድፍ ነው የምትጠብቀው!”

“አትቀልጂ። ሽቦው ላልቷል። ስትጠመጥሚ መኪናሽ ይነቀነቃል፤ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው።”

“ጠረጴዛዬን ተወው! ወላሂ፣ የዚህን ከተማ ግማሽ ሙሽሮች ያለበሰ ጠረጴዛ ነው።”

ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው አንድ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ወተፈና ተመልሶ ተቀመጠ። ሻምሶ በነጋታው እንደገና ስትጠመጥም ንቧ ጠፋች። ይህን ለጌዲ የነገረው ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ካነበበው የሚሰማው ከእኔ ነው።

ዮፍታሔ ብሩክታይትን ያገባ ዕለት ኬኩ ባለ ሦስት ደርብ ነበር። ሙሽሮቹ ቢላዋውን በጋራ ይዘው፣ ፎቶ አንሺው ትንፋሹን ውጦ ሳለ፣ ክቡርነታቸው ከእንግዶች መካከል ብድግ አሉ። በቀስታ ተራምደው ውሃ ልካቸውን ላይኛው ደርብ ላይ አኖሩ።

“ወደ ሙሽራዋ ወገን ያዘማል” አሉ።

ዮፍታሔ ደሙ ፈላ። ብሩክታይት ግን “ወደ እኔ ካዘመመማ ምን ቸገረኝ!” ብላ ቢላዋውን ሰደደችው። ፎቶው ዛሬም ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከሁለቱ ሙሽሮች መካከል የጌዲ ጆሮ ይታያል።

አንባቢ እስካሁን ጠይቆ ይሆናል፤ የእሱስ ጊታር የት አለ? እኛ ለመጠየቅ ከአንባቢ የበለጠ ጊዜ ወስዶብናል። ጌዲ የሰው ጊታር ይወስዳል፣ ይመልሳል፣ ይናገራል። መላጊያው ከሁላችን የተሳለ ነው፤ እንጨት የሚያስርበት ሞርሳው ከውጭ የመጣ ነው። የራሱ ሲነሣ ግን “ገና ነው፣ ኢንሻአላህ” ብሎ ወሬውን ወደ ኮላ ጥራት ያዞረዋል።

ምስጢሩን ያወጣችው ሚስቱ ናስራ ናት። ለዒድ ቀሚስ ልታሰፋ ሻምሶ ዘንድ መጥታ፣ እጇን ዘርግታ ስትለካ፣ “ቁም ሣጥኔ አልዘጋ ብሎኛል፤ ያ ጊታር ቦታውን ጨረሰው” አለች።

“የማን ጊታር?”

“የእሱ ነዋ! ካለቀ ቆይቷል፤ ክር ሁሉ አለው። ከቀሚሶቼ በቀር ያየው የለም።”

ሻምሶ ሜትሩን እንደያዘች ቀረች። በሚቀጥለው አርብ ክቡርነታቸው የዮፍታሔን ጊታር ተቀብለው ውሃ ልካቸውን ሲያወጡ እጇን አነሣች።

“ቆይ፣ ጌዲ። ከዛሬ ጀምሮ የራሱን ጊታር ያላዞረ ሰው ስለ ሰው ጊታር አይናገርም።”

“ይህ ሕግ መቼ ወጣ?”

“አሁን።”

“ሕግ እንዲህ አይወጣም። ሁለት ትንንሽ…”

“አትናገርም አልኩህ እኮ! ቁም ሣጥኑን ክፈትና ከዚያ ተናገር።”

ጌዲ ውሃ ልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጫማውን አደረገ፤ “አሰላሙ ዓለይኩም” ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው አርብ አልመጣም። ከዚያ ቀጥሎ ባለውም አልመጣም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ዕረፍት መስሎን ነበር። ማንም አያሸትም፤ ማንም አንድ ዓይኑን አይጨፍንም። ዮፍታሔ ስንት ወር የደከመበትን አዲስ ጊታር ይዞ መጣ። ዞረ። “ግሩም ነው” አልኩ። “በጣም ግሩም” አለች ሻምሶ። ሻሂው ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ዮፍታሔ ጊታሩን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

“ጋሼ፣ የእውነት ግን ጥሩ ነው?”

“ጥሩ ነው አልንህ እኮ።”

“እሱንማ ሰማሁ” አለና ጌዲ የሚቀመጥበትን ባዶ ምንጣፍ ተመለከተ።

በነጋታው ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቱ ሄድኩ። ናስራ በሩን ከፍታ፣ በዓይኗ ወደ ጓሮ ጠቁማኝ፣ ወደ ማጀት ገባች። ጌዲ ምንም የማይቆርጥ መጋዝ እየሞረደ ነበር።

“ቀረህብን” አልኩት።

“ሥራ በዛ፣ አዴር።”

“መጋዝ መሞረድ?”

ሞረዱን አስቀመጠ። “ጊታሬ ስህተት አለበት” አለ።

“የማን የለበትም?”

“የእናንተን የማየው እኔ ነኝ። የእኔን የምታዩት እናንተ ናችሁ። አንድ አይደለም።” ድምፁ ቀነሰ። “ስህተት ያለበት ዕቃ ሲመጣ ‘ሪጀክትድ’ ብዬ እመልሰዋለሁ። መኪናው ዞሮ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚያደርሱት ጠይቄ አላውቅም። እኔስ አርብን ተከልክዬ ወዴት እሄዳለሁ?”

ለካ ይህ ሰው ጊታሩ ብቻ ሳይሆን ራሱም አብሮ የሚመለስ መስሎት ነው። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

“ያን በሬን ስንት ጊዜ ቤትህ ወስደኸዋል?” አልኩት።

“ብዙ ጊዜ።”

“ስህተት እያለበት?”

“ስህተቱንማ ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ።”

“ታዲያ ለምን ትወስደዋለህ?”

ሞረዱን መልሶ አነሣ። እኔም ተሰናብቼ ወጣሁ።

አርብ ሲደርስ ጌዲ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፎ ብቅ አለ። ፈታው፤ ለዮፍታሔ ሰጠው፤ ቦታው ተቀመጠ፤ አፉን ዘጋ።

ጊታሩ ያምራል። ቫርኒሹ ውስጥ ፊት ይታያል። ዮፍታሔ ግን ጭኑ ላይ አድርጎ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አለው፤ አልተመቸውም። ሰካውና መጫወት ጀመረ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ዮፍታሔ ሞቅ ሲለው እጁን ማወራጨት ይወዳል፤ ሞቅ ባለው ቁጥር ጊታሩ እንደሚያንቀላፋ ሰው ድምፁ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ቆም ብሎ የድምፅ ማዞሪያውን ከፍ ያደርጋል፤ ይጀምራል፤ ደግሞ ያንቀላፋል።

“የማጉያው ባትሪ ነው?” አልኩ።

“ባትሪው ሙሉ ነው፣ ጋሼ።”

ጌዲ ምንጣፉን በሁለት እጁ ጨብጧል። ዓለምን ሁሉ ሲያርም የኖረ ሰው በራሱ ጊታር ላይ ቃል መተንፈስ ተከልክሎ ግንባሩ በላብ ረጠበ። ለእኔ ደረሰ፤ እኔም ተጫወትኩ፤ አንቀላፋብኝ። የመጨረሻዋ ሻምሶ ናት። አልተጫወተችም። አገላበጠችው፤ ከአንገቱ ግራና ቀኝ ከሚወጡት የገላው ሁለት ቀንዶች አጭሩ ወደ ላይ መሆኑን አየች፤ ማዞሪያዎቹ የተጫዋቹ ክርን ከሚያርፍበት በኩል መሆናቸውን አየች።

“ጌዲ!” ብላ ጮኸች። “ፎርማውን ገልብጠህ ነው እንዴ የሣልከው?”

ላልሠራበት ሰው ላስረዳ። የጊታሩን ገላ ቅርጽ የምናወጣው ከኮምፔንሳቶ በተቆረጠ ፎርማ ነው። ፎርማውን ሳንቃው ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን በእርሳስ እንስላለን። አንዱ ቀንድ ስለሚያጥር ፎርማው ፊትና ጀርባ አለው። በጀርባው ከሣልከው ሁሉ ነገር ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ይወጣል፤ ከታች መሆን ያለበት ማዞሪያ ከላይ ይመጣና በክርንህ በነካኸው ቁጥር ድምፁን ትዘጋዋለህ። ጊታር ሠርቶ የማያውቅ ሰው የማይሳሳተው ስህተት ነው። በሠራውም ሰው የሚደርሰው አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ላይ ነው። የክቡርነታቸው ደግሞ የመጀመሪያቸው ነው።

ሻምሶ ሳቀች። ዮፍታሔ ሳቀ። እኔ ለክብሬ ስል ልይዘው ሞክሬ አልቻልኩም።

“ዞሯል” አለች ሻምሶ ዓይኗን እየጠረገች። “አሁን መናገር ትችላለህ።”

“ገልብጬ ነው የሣልኩት” አለ ጌዲ። “ያወቅሁት ክር ከጫንኩ በኋላ ነው።” ውሃ ልኩ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር።

በዚህ መካከል የከሰዓት በኋላው የዓስር ሶላት አዛን ተሰማ። ዮፍታሔ ማጉያውን አጠፋ። ሻምሶ ጊታሩን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠችና እሷ ወደ ውስጥ፣ ጌዲ ወደ መስጊድ ሄዱ። እኔና ዮፍታሔ ከጊታሩ ጋር ቀረን። አንገቱ ከገላው የተጋጠመበትን ቦታ በጥፍሬ ፈለግሁት፤ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት የለውም።

“ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሥራ በቁም ሣጥን ይደበቃል?” አለ ዮፍታሔ።

“ሰውየው ዕቃ መላሽ ነው” አልኩት። “የሚመልሱበት መስሎታል።”

ጌዲ ከሶላት ሲመለስ ብርድ ልብሱን አንሥቶ ማጠፍ ጀመረ፤ ጊታሩን ሊጠቀልልበት ነው። ማንም የማይወስደው መስሎት ነበር።

“ምን እያደረግህ ነው?” አለው ዮፍታሔ። “እኔ ነኝ የምወስደው!”

“ማን ፈቀደልህ?” አለች ሻምሶ ከውስጥ እየወጣች። “አዛን ሲል በማን እጅ ነበር?”

“ሕጉ እሱን አይልም!”

“ይላል!”

“የት ይላል? እኔ በዕድሜም እበልጣችኋለሁ” አልኩ እኔም።

“አዴር፣ አንተ በሩን ውሰድ!”

ስንጨቃጨቅ ጌዲ የታጠፈ ብርድ ልብሱን እንደያዘ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ይመለከት ነበር። በመጨረሻ ሻምሶ ከእጁ ላይ ብርድ ልብሱን ቀምታ ጊታሩን ጠቀለለችበት። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ፤ በሰው ጓሮ ተቀምጦ ከባለቤቷ ጋር የሚሟገት የለም።

በሚቀጥለው አርብ ሻምሶ ጊታሩን መልሳ አምጥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ፊቷ የሥራ ፊት ነበር።

“ሦስተኛው ፍሬት ከፍ ብሏል” አለች። ፍሬት የምንላቸው አንገቱ ላይ የተሰደሩትን ቀጫጭን ብረቶች ነው። “በወፍራሙ ክር በኩል ይንጫጫል። ማዞሪያው ላላ ብሏል፤ ከሥሩ የላስቲክ ቀለበት አድርግበት፣ ክርን ቢነካውም አይዞርም። የማጉያው ሽቦ መሰኪያ ብብት ይወጋል፤ እሱን ወደ ኋላ አዙረው። አንገቱን ግን እንዳትነካው። ሰኞ ዕለት ደንበኛ ቀሚሷን ስትጠብቅ እኔ እጄን ከአንገቱ ላይ ማንሣት አቅቶኝ ጮኸችብኝ።”

ጌዲ ሊከራከር ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ፊቱን ወደ ፍሬቱ አስጠጋ። “ከየትኛው ጫፍ? አሳዪኝ” አለ። አሳየችው። በጣቱ ዳሰሰው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር በሌላ ሰው ፊት ላይ ያየሁት የጠፋ ልጁ ሲገኝለት ነው።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሙገሳ ሱስ የለብኝም ብዬ አምን ነበር። አሁን አዲስ ጊታር ጀምሬአለሁ፤ ከአልጋ ነው፣ ከበር አይደለም። ክር ስጭንበት የማስበው የጌዲን የተጨፈነ ዓይን ነው። እሱ ሳያሸተው አለቀ ብዬ ግድግዳዬ ላይ አልሰቅለውም።

ያን ዕለት ስንበታተን አብረን ወጣን። እሱ የእኔን አሮጌ በር ይዟል፤ የእሱን ጊታር ዮፍታሔ በድል አድራጊነት ተሸክሞት ሄዷል።

“ታዲያ፣ ክቡር ጌዲ፣ ተመለሰብህ ወይስ ተቀበሉህ?” አልኩት።

“አትቀልድብኝ፣ አዴር” አለ። ትንሽ ከተራመድን በኋላ ቆመ። “ቢሮ ‘ጥሩ ነው’ ብዬ ያሳለፍኩትን ዕቃ ወዲያው እረሳዋለሁ። ጥሩ ነው ማለት ማንን ያቅተዋል? ያ ፍሬት ግን ለሚያልፍ ሰው አይታይም፤ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ተቀምጦ ለዳሰሰው ብቻ ነው የሚታየው። የአንተን በር ለምን ትወስደዋለህ ብለህ ጠይቀኸኝ መልስ አጥቼ ነበር። ሰው የሠራሁትን ነገር ቤቱ አስገብቶ፣ ሥራውን አቁሞ፣ ምኑ ላይ እንደሚያመው መፈለጉ፣ አዴር፣ ከዚህ የሚበልጥብኝ ነገር የለም።”